የተሬፋ ሳጥንና የመንገድ ዳሩ ዝግባ

ጠዋት ዳዊት ደግሜ ስጨርስ ባለውለታዎቼን በስም እየጠራሁ የመጸለይ ልማድ አለኝ። ከእነሱ መካከል አንዱ ኦቦ ተሬፋ ናቸው። ትልቅ ሰው አልነበሩም። አምቦ ውስጥ የክትባት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ገበሬው ግን ከጌዶ እስከ ጎጆ ያውቃቸዋል።

አባታቸው ጌዶ ላይ ወፍጮ ቤት ይሠሩ ስለነበር ኦቦ ተሬፋ ሞተርና ቺንጋ እያዩ ነው ያደጉት። የሚነዷት ላንድሮቨር ከፊቷ ዊንች ነበራት። ጭቃ ሲይዛት፣ እዚያ የተጠቀለለውን የሽቦ ገመድ ፈትተው ዛፍ ላይ ያስሩና መኪናዋ በራሷ ሞተር ራሷን ትጎትታለች። ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ አረንጓዴ የእንጨት ሳጥን ነበራቸው። በውስጡ የሰው ራስ የሚያህል መዘውር፣ የፈረስ ኮቴ የሚመስሉ ሁለት ማያያዣ ብረቶች ከነብሎናቸው፣ የቆዳ ጓንት፣ አንድ ወፍራም ጋቢና አሮጌ የወፍጮ ቺንጋ ይገኛል። ቺንጋው፣ ሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞርበት ጠፍር፣ ስንዝር ይሰፋል፤ ሁለቱን ጫፎቹን አጥፈው፣ በእጃቸው ሰፍተው ማያያዣው የሚገባበት ዓይን አበጅተውለታል።

አብሯቸው የሚዞረው ክትባት ሰጪው አሻግሬ በሳጥኑ መቀለድ አይሰለቸውም።

«ጋሼ ተሬፋ፣ ይቺን የሙሽራ ሳጥን እስከ መቼ እንሸከማታለን? ሙሽሪት መቼ ነው የምትወጣው?»

«አንተን ጭቃ ያገባህ ዕለት!» ይሉታል።

እኔ ያን ጊዜ ጎጆ ከተማ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በ1978 ዓ.ም.፣ ባለቤቴ ሸዋገነት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። አዋላጇ እማማ አረጋሽ ከጓዳ ወጥተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው። አምቦ አድርሳት» አሉኝ። ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው አውቶቡስ ከመጣ ሳምንት አልፎታል። ወደ ገበያው ሮጥኩ። የክትባቷ መኪና ቆማለች፤ ኦቦ ተሬፋ ሞተሩን ሊያስነሱ ነው። የተናገርኩትን በቅጡ የሰሙትም አይመስለኝም፤ ፊቴን አይተው፣ «ቤትህ የት ነው?» አሉ።

ሸዋገነትን ከኋላ አስተኛናት። እማማ አረጋሽ ራሷን ደገፉ። ብርድ ብርድ ሲላት ኦቦ ተሬፋ ከሳጥኑ ጋቢውን አውጥተው አለበሷት።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን፣ ከአንድ ጅረት ማዶ ባለው ዳገት ላይ ጭቃው ዋጠን። ጎማዎቹ እስከ መሐላቸው ገቡ። ከመንገዱ በላይ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዝግባ ቆሟል። አጠገቡ የደረቀ ጉቶ አለ። ኦቦ ተሬፋ ዛፉን አየት አደረጉና ፊታቸውን መለሱ። «አካፋ አምጣ» አሉ አሻግሬን።

ጉድጓድ ቆፍረው እስኮርታ ጎማውን ሊቀብሩና ገመዱን እሱ ላይ ሊያስሩ ነው። ተጋግዘን እስከ ወገብ ቆፈርን፤ ጎማውን ቀብረን ድንጋይ ጫንበት። ዊንቹ ሲጎትት ግን አፈሩ በዝናብ የራሰ ነውና ጎማው እንደ ድንች ተነቅሎ ወጣ። በዚህ ብዙ ጊዜ ጠፋ። ከመኪናዋ ውስጥ የሸዋገነት ድምፅ እየደከመ መጣ። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ዛፍ ቆሞልን ለምንድን ነው መሬት የምንቆፍረው?» ብዬ ጮህኩባቸው። ይህን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

ኦቦ ተሬፋ አካፋውን ተደግፈው ጉቶውን አሳዩኝ። «እሱን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ከአሥር ዓመት በፊት እዚሁ ተይዤ ሽቦውን ባዶውን አሰርኩበት። ልጡን ዙሪያውን እንደ ቢላ ቆርጦ ጣለው። በሁለት ዓመቱ ደረቀ። መንደሩ ሽምግልና የሚቀመጥበት ዛፍ ነበር። ቺንጋውን ያበጀሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚህ ዛፍ ሥር ግን ደግሜ አልቆምኩም።»

ይህን እያወሩኝ ሳለ የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ጉርሙ ሦስት ጎልማሶች አስከትለው ቁልቁል መጡ። ቡሉኳቸውን ተከናንበዋል፤ ዱላቸው እንደ እሳቸው ረጅም ነው።

«አንተ ዛፍ ገዳይ!» አሉ ከሩቁ። «አንዱ አልበቃህም? ለሁለተኛው መጣህ?»

አሻግሬ መልስ ሊሰጥ ሲል ኦቦ ተሬፋ በእጃቸው ከለከሉት። ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሳር ነጩ። ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ባርኔጣቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ሽማግሌው ወጡ። በዚያ አገር እርጥብ ሳር ይዞ የመጣን ሰው ሳይሰሙት አይመልሱትም። ኦቦ ጉርሙ ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኙ።

«አባቴ፣ በድያለሁ» አሉ ኦቦ ተሬፋ። «ያኔ መጥቼ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ፈርቼ ቀረሁ። ዛሬ መኪናዋ ውስጥ በምጥ የተያዘች ልጅ አለች። ዛፉን አበድሩኝ።»

«ቢደርቅስ?»

ኦቦ ተሬፋ ቺንጋውን አምጥተው በሽማግሌው እጅ ላይ አኖሩት። ኦቦ ጉርሙ አገላብጠው አዩት፤ ስፋቱን በስንዝራቸው ለኩ፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ወርደው በመስኮቱ አዩ።

«ሴትዮዋን በመንገድ አቁመን ስለ ዛፍ ብናወራ ዋቃ አይወድልንም» አሉ በመጨረሻ። «እሰር። ልጡን ግን እኔ ራሴ አየዋለሁ።»

ኦቦ ተሬፋ ቺንጋውን በዝግባው ግንድ፣ ከሥሩ ዝቅ አድርገው አዞሩት። ሁለቱን ዓይኖች በአንዱ ማያያዣ ብረት ገጥመው መዘውሩን አንጠለጠሉበት። ገመዱ ከዊንቹ ተነሥቶ በመዘውሩ ዞረና ተመልሶ መኪናዋ ፊት ካለው መንጠቆ ላይ ታሰረ። እንዲህ ሲደረግ መኪናዋ ዝግ ብላ ትሄዳለች፤ የዊንቹ ጉልበት ግን እጥፍ ይሆናል። ሁሉን ካሰናዱ በኋላ ኦቦ ተሬፋ ሳጥኑን ከፍተው ቆም አሉ። የተወጠረ ሽቦ ቢበጠስ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጋቢያቸውን መሐሉ ላይ ይጥሉበታል፤ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ክብደቱ ወደ መሬት እንዲጥለው ነው። ጋቢው ደግሞ ሸዋገነት ላይ ነው። እያንቀጠቀጣት ነበር።

ኦቦ ጉርሙ ምን እንደጎደለ ጠየቁ፤ ነገሩ ተነገራቸው። ወዲያው ቡሉኳቸውን ከትከሻቸው አውርደው ገመዱ ላይ አለበሱት። በዚያ ብርድ በሸሚዝ ቀሩ።

«ኢጆሌ፣ ወዲያ ፈቀቅ በሉ!» አሉ፤ እኛን ትልልቆቹን ነው ልጆች የሚሉን። «አንተም ተሬፋ፣ ቀስ!»

ገመዱ ተወጠረ። እማማ አረጋሽ ከውስጥ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። እኔ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ነበር። መኪናዋ መጀመሪያ አቃሰተች፤ ከዚያ እንደ ሰነፍ በሬ ቀስ ብላ ተነሣች። ዳገቱ ላይ ወጥታ ቆመች።

ኦቦ ተሬፋ ቺንጋውን እንደፈቱ ኦቦ ጉርሙ ግንዱን ዙሪያውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ቅርፊቱ ትንሽ ተጨፍልቋል እንጂ አልተላጠም።

«ዱጋኬቲ» አሉ፤ እውነትህን ነው ማለታቸው ነው። «በሉ ሂዱ፤ ማርያም በሽልም ታውጣት።»

ሸዋገነት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምቦ ሐኪም ቤት በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ። ሐኪሙ «ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ…» ብሎ አልጨረሰውም።

በዓመቱ ክረምት ኦቦ ተሬፋ አንድ የዝግባ ችግኝ ይዘው ሄደው ከጉቶው አጠገብ ተከሉ። ኦቦ ጉርሙ በእሾህ አጠሩላቸው። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ባለፉ ቁጥር ወርደው ይቀመጡ ነበር አሉ።

በ1983 ዓ.ም. ኦቦ ተሬፋ ባረፉ በወሩ ከሸዋገነትና ከልጃችን ጋር በዚያ አለፍን። መርዶውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ጉርሙ የለበሱትን ቡሉኮ ጫፍ ገልጠው ለልጄ አሳዩዋት፤ እንደ ሽቦ ገመዱ የቀጠነ፣ ያን ዕለት የተጋባበት ጥቁር የግራሶ ቅባት መስመር አለበት።

«ወርቂቱ በዚህ መስመር አምስት ዓመት ሰደበችኝ» አሉ። ወርቂቱ ባለቤታቸው ናቸው። «በእንዶድ አጠበችው፤ በሳሙና አጠበችው። አለቀቀም። ከእንግዲህ ግን እንዳትነካው እነግራታለሁ።»

ልጄ መስመሩን በጣቷ ተከትላ እስከ ጫፉ ሄደች።