እልልታዬን ጫጫታ ያለው ኮምፒውተር

በእልልታ በንፋስ መውጫ ከተማ የሚያህለኝ የለም፤ አለሁ የምትል ካለች ትምጣ። የልጅ ልጄ ስመኝ ገና ባል ያላገባች፣ በኮምፒውተር ዘፈን የምታቀናብር ልጅ ናት። ባለፈው ከደብረ ታቦር መጥታ፣ «እማማ፣ ለወንድሜ ሰርግ ዘፈን እየሠራሁ ነው፤ ያለ እርስዎ እልልታ አይሆንም» አለችኝ። ማንን መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች።

ጓዳ ገብተን ማይክራፎኑን ደቀነችልኝና አቀለጥኩት። መልሳ ስታሰማኝ የኔ ድምፅ የለም! ለካ ያን ለት ኮምፒውተሯ ላይ ፕላጊን የሚሉትን፣ ጫጫታ የሚያጠፋውን ነገር ጭናበታለች።

«እማማ፣ እልልታዎን ጫጫታ መስሎት አጠፋው።»

«ጫጫታስ የሠራው ሰውዬ አፍ ነው!» አልኳት።

አንዱን ታጠፋለች፣ ሌላ ትጭናለች። «እስቲ ይድገሙልኝ» ባለች ቁጥር እኔም በእልህ እለቀዋለሁ። ሰርጉ ነገ ደብረ ታቦር ነው፤ ልጂቱ ልታለቅስ ደርሳለች፤ አንጀቴ አልቻለም። በስንት መከራ እልልታዬ ከነግርማው ተሰማ። ተቃቅፈን ሳቅን።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ ይታይሽ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዛ፣ የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ ቆማለች።

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ምነው፣ እናንተ ቤት ልትወልድ መምጣቷን ደበቅሽን? ያን ሁሉ እልልታ ስንሰማ ወንድ ነው ብለን መጣን!»

ይሄኔ ስመኝ ፊቷ በላብ እንደራሰ ከጓዳ ብቅ አለች።

ይታይሽ ደነገጠች። «ኧረ በስመ አብ! አራስ እንዲህ ትነሳለች? ግቢ ልጄ፣ ተኚ!»