ፊቴን የለጠፉበት ሻይ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። እኔ ያልተናገርሁትን ቃል አምነው አንዲት እናት ሊሞቱብኝ ስለነበር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ደብረ ታቦር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራ ቀዝቅዞ ስልኬን ስነካካ በኢንተርኔት የሚሸጥ የቅጠል ሻይ ማስታወቂያ አየሁ። «ሊንካችንን ለወዳጆችሽ አጋሪ፤ በአንቺ በኩል በተሸጠ ቁጥር ኮሚሽን ታገኛለሽ» ይላል። ዕቃ መሸከም የለ፣ ሱቅ መከራየት የለ፤ ደስ አለኝና ተመዘገብሁ። ፎቶግራፍ፣ የአባት ስምና የትውልድ ቦታ ሲጠይቁኝ ለመታወቂያ መስሎኝ ላክሁላቸው።

ሊንኩንም በቴሌግራም ለማውቀው ሁሉ በተንሁት። «ጥሩ ሻይ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አልጻፍሁም።

አንድ ጠዋት የማላውቃት ሴት ሱቄ በር ላይ ቆማ ትክ ብላ አየችኝና እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«የድሬሰሩ ልጅ አይደለሽም? እናቴን እኮ አዳንሽልኝ! ያንችን ጽሑፍ ካየች ወዲህ የስኳር ክኒኗን እርግፍ አድርጋ ትታ ሻዩን ብቻ ነው የምትጠጣው።»

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ያ የላክሁት ፎቶ ነው። ከሥሩ «የአንበሳሜው ድሬሰር ልጅ ነኝ። በዚህ ሻይ ከስኳር ዳንሁ፤ መድኃኒቴንም ጣልሁ» ይላል። እኔ ስኳር ኖሮብኝ አያውቅም!

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንበሳሜ ላይ ብዙ ዘመን ድሬሰር ሆነው ሕመምተኛ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። እሳቸው መርፌ ያልወጉት፣ ቁስሉን ያላጠቡለት ሰው የለም። የአገሩ ሰው የእኔን ፊት አይቶ ያመነው እሳቸውን ነው። ሻጮቹ ይህን ከየት እንደሰሙ እንጃ።

«እናትሽ አሁን እንዴት ናቸው?» አልኋት።

«ውኃ አልበቃት ብሏል። እንቅልፍም በዝቶባታል። ሻዩ በሽታውን እያወጣው ነው ብለን...»

የጀመርሁትን ቀሚስ ማሽኑ ላይ ትቼ፣ ሱቄን ዘግቼ ልጅቱን እየጎተትሁ እናቷ ወዳሉበት አንበሳሜ ለመሄድ መናኸሪያ ወረድሁ። ሚኒባሱ ካልሞላ አልንቀሳቀስ አለ። ወረታ ላይ ሾፌሩ ወርዶ ወሬ ያዘ። ሐሙሲት መኪና ስንቀይር ገበያ ነበርና መንገዱ በሰውና በአህያ ተዘግቷል። ልጅቱ ለጎረቤት ትደውላለች፤ ኔትወርክ የለም። መቀመጫው እሾህ ሆነብኝ።

ስንደርስ የልጅቱ እናት፣ እማማ ጥሩ፣ መደቡ ላይ ተጋድመዋል። ከንፈራቸው ደርቋል።

«እማማ፣ ያ የተጻፈው የእኔ ቃል አይደለም። ክኒንዎን አይተዉ፤ አሁን ይነሡ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኋቸው።

ቀስ ብለው አዩኝ። «አባትሽ ዋሽተውኝ አያውቁም። አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

እኔም አልዋሸሁም ልል ፈልጌ ነበር። ግን ከልጃቸው ጋር ደግፌ አስነሣኋቸው። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ባለሙያዋ ደማቸውን መርምራ ደነገጠችና ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል።

ለሻጮቹ ፎቶዬን አንሱልኝ ብዬ ጻፍሁ። «ስትመዘገቢ ተስማምተሻል» አሉኝ። ደግሜ ስጽፍ ዘጉብኝ። ለማውቀው ሁሉ ደውዬ ውሸት ነው ብያለሁ። አንዳንዱ ሰምቶኛል፤ አንዳንዱ «ኮሚሽኑን ከበላሽ በኋላ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ ግን ሳቄም እንቅልፌም ጠፍቷል። ድርጅቱ የሚነግረኝ በእኔ ሊንክ ስንት ሰው እንደገዛ ብቻ ነበር፤ ማን እንደገዛ አይነግረኝም። እማማ ጥሩን ልጃቸው መጥታ ስለነገረችኝ ደረስሁላቸው። የሌሎቹን ቤት ማን ያሳየኛል?