ድምፄ ትቶኝ የሄደ ጊዜ

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ "እንደምን አደራችሁ" ልል አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደገምኩ። ምንም። ተማሪዎቹ የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል በማር ጠጣሁ። ለውጥ የለም። ሳምንታት ሲያልፉ ባለቤቴ ትርንጎ ወደ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የአንገት በላይ ሐኪሙ ላሪንጎስኮፕ በሚሉት መመልከቻ ጉሮሮዬን ካየ በኋላ "እስቲ ይሳሉ" አለኝ። ሳልኩ። ሳሉ ድምፅ ነበረው።

"የድምፅ አውታሮችዎ ደህና ናቸው። ይህን ፈንክሽናል አፎኒያ እንለዋለን፤ አካሉ ሳይጎዳ ድምፅ ሲጠፋ ማለት ነው። የአእምሮ ሐኪም ይይዎት።"

አፈርኩ። እብጠት አለብዎት ቢለኝ የሚሻለኝ መሰለኝ።

የአእምሮ ሐኪሟ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ፤ እየጻፍኩ መለስኩላት። ሁለት መምህራን ሲለቁ የእነሱንም ክፍሎች ደርቤ ይዤ ነበር። የማታ ተማሪዎችም አሉኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ማጠናከሪያ። እንቅልፍ ራቀኝ። እጁን የሚያወጣ ተማሪ ያስጠላኝ ጀመር። ክፍል ከመግባቴ በፊት ያስመልሰኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

አንብባ ስትጨርስ "በርንአውት ይባላል፤ ከሥራ ብዛት የሚመጣ መዛል ነው። ሰነፍ ሰውን አይይዝም" አለችኝ። አለቀስኩ። ያለ ድምፅ ማልቀስ ከባድ ነው። ማታ ያንኑ የጻፍኩትን ወረቀት ለትርንጎ ሰጠኋት።

የሕመም ፈቃድ ጽፋልኝ፣ ድምፄ እንዲመለስ አፍን ገጥሞ ማንጎራጎርን አስተምራኝ ስታሰናብተኝ፣ እንፍራንዝ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እስካሁን ዜማ ያስተምራሉ። ሐኪሟ ያዘዘችኝን ሲያዩ "እንግዲያማ ከእኔው ጋር አንጎራጉር" አሉኝ። ጠዋት ጠዋት እሳቸው ሲያዜሙ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እንደ ንብ እምም ለማለት እታገላለሁ። አንድ ጠዋት ትንፋሽ ሊወስዱ ሲያቆሙ ዜማው አልቆመም። የእኔ ድምፅ ነበር። አባቴ ቀና ብለው አዩኝና ቀጣዩን ቃል አነሱ።

መናገር ስችል "አባባ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ሲያስተምሩ እንዴት አልሰለቸዎትም?" አልኳቸው።

"መች ብቻዬን አስተማርሁና? የበረታው ደቀ መዝሙር ጀማሪውን ያስጠናል። እኔ ዘንድ የሚመጣው የከበደው ነው። አንተ ምነው ሁሉን በራስህ ጉሮሮ አደረግኸው?"

ስመለስ ርዕሰ መምህሯን ፈራ ተባ እያልኩ አነጋገርኳት። "ምነው እስካሁን ዝም አልክ?" ብላ የማታውንና የደረብኩትን አነሳችልኝ። ክፍል ውስጥም የገባቸው ላልገባቸው እንዲያስረዱ አደረግኩ፤ እኔ የምደርሰው ሲቸገሩ ነው። አንዲት ልጅ ኢነርሺያን ባጃጅ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ወደፊት ከሚወረወረው ጋር አያይዛ ስታስረዳ ጓደኞቿ ሁሉ ገባቸው፤ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ሳቅሁ። ማስተማር ደስ ካለኝ ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር! ዛሬም ጉሮሮዬን የሚይዘኝ ቀን አለ፤ ያን ቀን ተጨማሪ ሥራ ያዝልን ቢሉኝ አልችልም እላለሁ።

ሐኪሞቼን፣ አባቴን፣ አጠገቤ ሆና ዝምታዬን የቻለችውን ትርንጎን አመሰግናለሁ። እንደኔ ለዛላችሁ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ድካማችሁን ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ በአፋችሁ ንገሩ። እኔ ለትርንጎ የነገርኳት አፌ ከተዘጋ በኋላ፣ በወረቀት ነው።