የልብስ ሰፊው ጆሮ

ያን ብርጭቆ አልኮል የጨለጠው ጠምቶት ነው ወይስ መድፋቱ አሳዝኖት? ሚስቱ ይህን አታውቅም። እሱ ራሱም የሚያውቀው አይመስላትም።

ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ወርቅ ነው ይባልለት ነበር፤ መጠጡ ግን እጁንም ስሙንም በላው። ባለፈው ወር የአንድ ደንበኛ ሱሪ ሲለካ ጫማው ላይ አስመለሰበት። ያን ዕለት ሚስቱ፣ "ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ ብትቀምስ ትቼህ ነው የምሄደው" አለችው። ምሎ ተገዝቶ ጤና ጣቢያ ለሱስ ሕክምና ተመዘገበ።

እዚያ አኩፓንክቸር ይሰጣል። ፀጉር የሚያካክሉ መርፌዎች ጆሮ ላይ ይሰኩና ሱሰኞቹ ጎን ለጎን ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የምታክመው ሴት፣ "ይሄ ያረጋጋህ ይሆናል እንጂ ብቻውን ከመጠጥ አያላቅቅህም፤ ምክሩም እንዳይቀርብህ" ብላዋለች። እሱ የሰማው መርፌ የሚለውን ብቻ ነው።

"መርፌማ የኔ ሙያ!" እያለ ይጎርር ጀመር።

መርፌ የምትሰካው ሴትዮ ታመመችና የሕክምናው ክፍል ለሳምንት ተዘጋ። ልብስ ሰፊው ቤት ውስጥም ቆብ አላወልቅ አለ። ሚስቱ ብርድ ነው ብላ ተወችው። አንድ ጠዋት ከገበያ ስትመለስ ግን ቆቡን አውልቆ ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ አገኘችው። ሁለቱም ጆሮዎቹ ላይ ቁልፍ የሚተክልባቸው መርፌዎች ተሰክተዋል፤ ካንዱ ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል። ቀደም ባሉት ቀናት የተወጋው ቀዳዳ መግል ቋጥሯል፤ ደሙ አንገትጌው ላይ ረግቷል።

"ምን ጉድ ነው?"

"ሕክምና ነዋ፣ የኔ እመቤት። ደግሞ በአልኮል ዘፍዝፌ አጽድቼዋለሁ።"

"የታለ አልኮሉ?"

ስፌት መኪናው ላይ ያለው ብርጭቆ ባዶ ነው። ግርጌው ላይ የክር ብጣሽና ቀላ ያለ ዝቃጭ ተጣብቋል።

"ይደፋ እንዴ ታዲያ?" አለና አገሳ።

እጇን በላስቲክ ጠቅልላ መርፌዎቹን ነቀለች፤ ፊቷን እያዞረች መግሉን ጠረገች።

"ቀስ በይ እንጂ፣ እንደ አሮጌ ኮት ተረተርሽኝ!"

አልሳቀችም። ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ከተተች።

"ወንድምህ ማታ መጥቶ ሐኪም ቤት ይወስድሃል። እኔ ስትተኛ እሄዳለሁ። እያየኸኝ ብወጣ ተከትለኸኝ መንገድ ላይ ትዘረጋለህ፤ ያንን ደግሞ ማንሳት አስጠልቶኛል።"

እንቅልፍን ይታገለው ጀመር። ፊቱን በጥፊ ይመታል፤ ለሃጩ እየተዝረከረከ የዓይኑን ቆብ በጣቱ ፈልቅቆ ይይዛል። "አልተኛሁም!" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። እሷ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን ታቅፋ ጠበቀች። የምሳ ሰዓት አለፈ። የተኛው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።