የጋሽ ሰዓት ተተኪ

ከጎኔ የሚቀመጠውን ሰው ጋሽ ሰዓት እንለዋለን፤ በሰዓቱ ቢሮ ገብቶ ግን አያውቅም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት በጻፈው ሞጁል ነው። እኛ ማሽን ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ሶፍትዌር እንሠራለን፤ ለሊፍት፣ ለውሃ ፓምፕ፣ ለልብስ ማጠቢያ። እሱ ታዲያ ይህን ሞጁል፣ ማለትም ጊዜ የሚቆጥር ተገጣጣሚ ኮድ፣ ጻፈና «አንዴ ይሠራል፣ የትም ይገጠማል፣ ከዚያ ማንም አይነካውም» አለን። እኛ ሰነፎች ምን ቸገረን? በሃያ ሦስት ምርቶች ገጠምነው። በስድስቱ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ውስጡን ከፍቼ ግን አላየሁም።

ስለዚህ ሊፍት ፎቅ መሀል ሲቆም የሚጠራው እሱ ነው። ፓምፕ ሲያኮርፍም እሱ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት። እዚያም ቅርንጫፍ አለን፤ ዝውውር ሲጠይቅ አለቃችን፣ ሞጁሉን አውቄዋለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ካገኘህ በማግስቱ ሂድ አለው። ሁለት ሰው ተመደበለት፤ ሁለቱም እግሬ አውጪኝ አሉ። ልጁ በስልክ መቼ ነው የምትመጣው ብሎ መጠየቁን ከተወ ቆየ። ይሄ አንጀቴን ይበላኛል።

በመጨረሻ አንዲት አዲስ መሐንዲስ ተቀጥራ መጣች። አራት ወር አጠገቡ አስቀምጦ መስመር በመስመር አስተማራት። አንድ ቀን እንዲያውም ፓምፑ ሳይጠፋ ሃምሳ ቀን ከሠራ ቆጣሪው ሞልቶ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ደረሰችበት። እሱ ራሱ አይቶት አያውቅም ነበር። ደስታውን አልቻለውም፤ ሄዶ ሻንጣ ገዛ።

የርክክቡ ቀን አለቃችን ወረቀቱን አቀረበላት። አነበበችውና፣ ይቅርታ፣ ሞጁሉ አልገባኝም ብላ መለሰችለት።

ጋሽ ሰዓት ኮሪደር ላይ ደረሰባት፤ እኔም ተከትዬው ወጣሁ። አልተቆጣም። ምኑ ነው ያልገባሽ፣ እንደገና ላስረዳሽ አላት።

«ጋሼ፣ ሁሉም ገብቶኛል» አለችው አንገቷን ደፍታ። «ግን የእርስዎንም ኑሮ አየሁት። እኔም እኮ ልጅ አለችኝ።»

ጥላን ሄደች። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ወንደላጤ ነህ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አራት ወር ብቻ ስጠኝ።»

«እኔ ደነዝ ነኝ ጋሼ፣ አይገባኝም» አልኩት።

ዐሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ደነዝ አለመሆኔን ያውቃል።