ከቅርጫቱ ሥር

ከምጽፈው ውስጥ የተወሰነው ልክ ላይሆን ይችላል። አዲሱ አሠልጣኝ ወደ ከተማችን ወደ መሐል ሜዳ የመጣው ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ይሁን አሥረኛ ክፍል ስገባ እርግጠኛ አይደለሁም። የተናገራቸው ቃላትም ለዓመታት በልቤ ሲመላለሱ ስለኖሩ፣ ምናልባት ከአፉ ሲወጡ ከነበሩት ይልቅ አሁን የተሳሉ ሆነው ይሆናል።

የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ አሠልጣኜ የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ነበሩ። ሜዳችን ጠጠር የበዛበት ስለነበር የነጠረ ኳስ ወደ እጅ ለመመለሱ ዋስትና አልነበረውም። ውርጭ በሚጥልበት ወራት ደግሞ ብርዱ ኳሱን ስለሚያደነዝዘው፣ ከልምምድ በፊት ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው ያሞቁት ነበር። እኔን ጋርድ ሊያደርጉኝ ወስነው ነበር፤ ኳሱን ከኋላ እያነጠረ የሚያወጣና ለሌሎቹ የሚያከፋፍል ተጫዋች ማለት ነው። እጄንም ኳሱንም እንዳላይ ነጠላ ከአገጬ ሥር ወጥረው ይጋርዱኝና እያነጠርሁ ሳለ ይጠይቁኛል።

«ምን ታያለህ?»

«የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ፣ ቲቸር።»

«ጣሪያው ላይስ?»

«ቁራ።»

«ስንት ነው?»

ልቆጥር ስል ኳሱ ያመልጠኛል። «ቁራውም ሄደ፣ ኳሱም ሄደ» ይሉና እንደ ገና ያስጀምሩኛል።

በዓመቱ መጨረሻ አንዴም ሳላጎነብስ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጥ ነበር፤ ወይም እንዲህ ይመስለኛል። አብሮኝ ይጫወት የነበረ ጓደኛዬ እኚሁ መምህር ባታችንን በአርጩሜ ይሸነቁጡን እንደ ነበር ይምላል። እኔ አርጩሜውን አላስታውስም። ምናልባት የሚመታው እሱ ብቻ ስለነበር ይሆናል።

በሚቀጥለው ዓመት የዞኑ የታዳጊዎች ቡድን ምርጫ ደብረ ብርሃን ላይ ሊደረግ ነበር። የእሳቸውም የእኔም ሐሳብ እዚያ ነበር። ከዚያ በቀር ምንም አልመኝም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ጠጠር ላይ ያነጠረ ሲሚንቶ ላይ ይዘፍናል» ይሉኝ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን ሲጠብቁት የኖሩት ዝውውር ተሳካላቸውና ወደ ትውልድ አገራቸው ሄዱ።

በምትካቸው የመጣው ወጣት ነበር፤ ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም። በመጀመሪያው ቀን አሰልፎ በዓይኑ ለካን። ከሁሉም እኔ እረዝም ነበርና ክንዴን ይዞ ከቅርጫቱ ሥር አቆመኝ።

«ቦታህ ይኸ ነው። ኳስ ሲመጣልህ ትይዛለህ፤ ወይ ታገባለህ፣ ወይ ትሰጣለህ። ማንጠር የለም።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ጋርድ ነኝ።»

«ምሰሶ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?»

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ምሰሶ ሆነ።

እጄ ግን የለመደውን አልተወም። ኳስ ሲደርሰኝ ሳላስበው አንዴ አነጥረዋለሁ፤ ፊሽካው ይነፋል። የሚቀጡት አራቱ ጓደኞቼ ነበሩ። እነሱ ሜዳውን ሲዞሩ እኔ ከቅርጫቱ ሥር ቆሜ እንዳይ እገደዳለሁ። በመንዝ ከፍታ ሮጦ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ቅጣት ይመስለው ይሆናል፤ እዚያ አየሩ ሳምባ ሳይሞላ ያልቃል።

«አንተ ምሰሶ» አለኝ አንዱ እያለከለከ፣ «ያን እጅህን ብትቆርጠው ምን አለበት?»

«ተው እንጂ፣ በምን ሊይዝ ነው?» አለ ሌላው። «ጣቱን ብቻ እንስበርለት።»

አሠልጣኙ ሰምቶ ፈገግ አለ። በሌላ ቀን ኳስ ላነሣ ጎንበስ ባልሁበት ከመካከላቸው አንዱ ጣቶቼን ረገጠኝ። አሠልጣኙ «በስሕተት ነው» ብሎ ልጁ ሳይጠየቅ መለሰለት። ጣቴ አልተሰበረም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ኳስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የጓደኞቼን እግር ሆነ። እውነቱን ለመናገር ከቅርጫቱ ሥር መጥፎ አልነበርሁም፤ ተመልሳ የምትወርድ ኳስ ከእኔ አታልፍም ነበር። ለፋሲካ ስንበተን እጄ ጸጥ ብሎ ነበር።

ለምርጫው በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሄድሁ። ከየወረዳው የመጡትን ልጆች ተሰልፈው ሳያቸው፣ ገና ኳስ ሳልነካ ልቤ ወረደ፤ በመሐል ሜዳ ረጅም የተባልሁት እኔ እዚያ መካከለኛ ነበርሁ።

«ምን ቦታ ነው የምትጫወተው?» አለኝ መራጩ።

«ከቅርጫቱ ሥር።»

«በዚህ ቁመት? አንተማ የጋርድ ልክ ነህ። እስቲ ይዘህ ውጣ።»

ሲሚንቶው ኳሱን ከጠበቅሁት በላይ ፈጥኖ መለሰው፤ ኳሱም ጫማዬን መትቶ ወጣ። ደገምሁ። በዚህ ጊዜ ኳሱ አልወጣም፤ እኔ ግን አንዴም ቀና አላልሁም።

«ዓይንህ መሬት ላይ ምን ጠፋበት?» አለ መራጩ። ከኋላዬ የተሰለፉት አሽካኩ። «የሚቀጥለው!»

እንደ ተመለስሁ አዲሱን አሠልጣኝ ሜዳው ላይ በኖራ መስመር ሲያሰምር አገኘሁት። ጋርድ ሆኜ ብቀጥል ኖሮ ይመርጡኝ ነበር አልሁት። ከኖራው ቀና አላለም።

«እኔ ያሠለጠንሁህ ለደብረ ብርሃን አይደለም፤ ለሞላሌ ነው። ቅዳሜ ይመጣሉ። ብላ፣ ተኛ፣ ቁም።»

ቅዳሜ ከጎረቤት ከተማ ከሞላሌ ከመጡት ልጆች ጋር ስንጫወት ቆምሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላም ኳስ አልነካሁም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ሥራ ይዤ፣ ዘመን ሲያልፍ ጥርጣሬ መጣብኝ፤ ያ ቀና ብሎ የሚያነጥር ልጅ በእርግጥ ነበረ? ወይስ አሠልጣኙን የምከስበት ማስረጃ ቢቸግረኝ ራሴ የፈጠርሁት ነው? የመጀመሪያውን መምህሬን አፈላልጌ አላገኘኋቸውም። አንድ የገበያ ቀን ለሥራ ሞላሌ ሄጄ ሳለ ግን አንድ ባለሱቅ በልጅነቱ ለከተማው ይጫወት እንደ ነበር አጫወተኝ። ማን እንደ ሆንሁ አልነገርሁትም።

«ያን ጊዜ መሐል ሜዳዎች ኳስ የሚችል ልጅ ነበራቸው?» አልሁት።

ስኳር እየመዘነ አሰበ። «ኧረ የለም! አንድ ረጅም ነበራቸው፤ ኳስ የሚባል አያውቅም ወንድሜ። እንደ ግንድ ተገትሮ ነው የሚውል። ግን ማን ይለፈው!»

«መሐል ሜዳ ሄዳችሁ በተጫወታችሁ ጊዜ ማን አሸነፈ?»

«እነሱ ናቸዋ» ብሎ ሳቀ።

የአንድ ሰው ትውስታ አይበቃም ብዬ ከዚያኛውም ከእኛም ወገን የተጫወቱትን ጠይቄ አረጋገጥሁ። ስለ እኔ የሚያስታውሱት ይለያያል፤ አንዱ ጨርሶ አላስታወሰኝም። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ ያን ቅዳሜ ሞላሌን አሸንፈናል።