የእህቴ የፀሐይ ቅባት

ታናሽ እህቴ አልቢኒዝም ስላለባት ቆዳዋ ፀሐይ አይችልም። እናታችን ጠዋት ጠዋት ፊቷን፣ አንገቷንና ጆሮዋን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቀስ ብላ ትቀባታለች። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ እቀና ነበር። እኔን እንደዚያ ስትዳብሰኝ አላስታውስም።

አንድ ቀን ሁለታችን ከሶዶ ተነስተን ተበላ ከተማ ወደምትኖረው አክስታችን ስንሄድ እናቴ ቅባቱን ለእኔ ሰጠችኝ።

«የተበላ ፀሐይ ኃይለኛ ነው። የጠዋቱ ብቻ አይበቃትም፤ ላብ ያጥበዋል። በየሁለት ሰዓቱ ደግመሽ ቀቢያት» አለችኝ።

ገበያ ውስጥ ስንዞር እህቴ «ቀቢኝ» አለችኝ። «ቆይ» አልኳት። ከዚያ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ሄጄ ቅባቱን በሙሉ ፊቴና ክንዴ ላይ ጨረስኩት። ሽታው የእናቴን እጅ ሽታ ይመስል ነበር።

አመሻሽ ላይ ቤት ስንደርስ የእህቴ ጆሮና አንገት ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። እናቴ ደንግጣ «አልቀባሻትም እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። አፌን ሳልከፍት እህቴ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፤ ዓይኔን ያቃጥለኛል።»

እናቴ ሌላ አልጠየቀችም። አጠገቧ ተቀምጣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ አንገቷ ላይ ታደርግላት ጀመር። ማፈር ሲገባኝ ያኔም ቀናሁባት፤ በቁስሏም በደግነቷም። እውነቱን ለእናቴ የነገርኳት ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው።